ጃኪ ቻን የሌለበት መጽሐፍ

ዛሬ የማነሳው ሐሳብ ሰሞኑን በየክፍሉ ስለሚወራው ጉዳይ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች ሐሙስ ሐሙስ ያለን የቤተ መጻሕፍት ክፍለ ጊዜ ቀርቶ ፊልም ይታይልን ብለው ለክበባችን ጥያቄ አቅርበዋል። ምክንያታቸውም "የመጽሐፉ ታሪክ ፊልሙ ላይ አለ፤ ያውም በሁለት ሰዓት ያልቃል" የሚል ነው። እኔ አክሽን ፊልም በጣም እወዳለሁ። በዚህ ሐሳብ ግን አልስማማም።

በምሳሌ ላስረዳ። ብዙዎቻችን ያየነው ጃኪ ቻን የሚሠራበት "ዓለምን በ80 ቀን" የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው። ታሪኩ የተወሰደው ፈረንሳዊው ጁል ቬርን ከጻፈው ልቦለድ ነው። በቀላል እንግሊዝኛ አጥሮ የተጻፈው መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ አለ። ሁለቱን ያነጻጸረ ሰው በጣም ይገረማል።

በፊልሙ ጃኪ ቻን ከመንደሩ የተዘረፈውን የቡድሃ ሐውልት ከእንግሊዝ ባንክ ሰርቆ የሚሸሽ ቻይናዊ ነው። ፖሊስ እንዳይዘው ፓስፓርቱ ነኝ ብሎ ሚስተር ፎግ ቤት አገልጋይ ሆኖ ይገባል። በመጽሐፉ ግን ፓስፓርቱ እውነተኛ ፈረንሳዊ ነው፤ ምንም አልሰረቀም። ባንክ ዘርፏል ተብሎ የሚጠረጠረው ጌታው ሚስተር ፎግ ነው፤ እሱም በሐሰት! መርማሪው ፊክስ ዓለምን ሙሉ የሚከተለው ንጹሕ ሰው ነው።

ፊልሙ ላይ በየአገሩ ድብድብ አለ። በመጽሐፉ ዋናው ጠላት ሰዓት ነው። ሕንድ ውስጥ የባቡሩ ሐዲድ ተሠርቶ አላለቀም፤ ፎግ ዝሆን ገዝቶ ይሄዳል። አትላንቲክ ላይ የመርከቡ ከሰል ያልቃል፤ መርከቡን ገዝቶ እንጨቱን እያስፈለጠ ያነደዋል። ሰዓትን በካራቴ መምታት አይቻላማ! ለዚህ ነው ፊልሙ ሌሎች ጠላቶችን የፈጠረው።

መጽሐፉ ውስጥ ጀግንነት የለም ማለቴ አይደለም። አውዳ የምትባለውን ሕንዳዊት ከሞተው ባሏ ጋር ሊያቃጥሏት ሲሉ ፓስፓርቱ የሞተው ሰውዬ ተነሣ አስብሎ ያድናታል። ሰዎቹ በድንጋጤ መሬት ላይ ይደፋሉ፤ እሱ አንድ ቦክስ እንኳ አልሰነዘረም። በፊልሙ አውዳ የለችም። በእሷ ቦታ አንዲት ፈረንሳዊት ሠዓሊ ገብታለች። ይህ እኔን ቅር ብሎኛል።

ሌላም አለ። የመጽሐፉ ጉዞ የሚጀመረው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ ዘውድ በጫኑበት ዓመት ማለት ነው። መርከቡ በስዊዝ ካናል አልፎ፣ ቀይ ባሕርን አቋርጦ፣ ከሰል ለመጫን ኤደን ይቆማል። በእኛ ደጃፍ አለፈ እኮ! ፊልሙ ይህን መንገድ ዘሎታል።

መጨረሻውስ? ፎግ ወደ ምሥራቅ ስለተጓዘ አንድ ቀን ያተርፋል። በኬንትሮስ ትምህርት እንደተማርነው በየዲግሪው 4 ደቂቃ ልዩነት አለ። 360 ሲባዛ በ4፣ 1,440 ደቂቃ፤ ልክ 24 ሰዓት ማለት ነው። ፊልሙም የተረፈውን ቀን ያነሳዋል፤ ግን ቶሎ ብሎ ያልፈዋል። መጽሐፉን ስታነቡ ግን ቆም ብላችሁ በእርሳስ ማስላት ትችላላችሁ።

ፊልም ሠሪዎቹን አልወቅስም። ጊዜያቸው አጭር ነው፤ ሰውም ጃኪ ቻንን ሲዘል ሊያይ ነው የሚገባው። አገልጋዩን ዋና ሰው ማድረጋቸውን እንዲያውም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ፊልሙ ሌላ፣ መጽሐፉ ሌላ ነው። አንዱን ያየ ሌላውን አውቃለሁ ሊል አይችልም። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ፊልሙም አብሮ ይጠፋል፤ መጽሐፉ ግን በመስኮት ብርሃን ይነበባል።

ስለዚህ ለክበባችንና ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ፊልሙ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ይታይ፤ የሐሙሱ ክፍለ ጊዜ ግን አይነካ። ቤቱ መጽሐፍ የሌለው ተማሪ ብዙ ነው፤ እሱ መጽሐፍ የሚያገኘው በዚያች 40 ደቂቃ ብቻ ነው። እሷን ከወሰድንበት ምን ቀረው?

የማትስማሙ ካላችሁ መልሳችሁን ጽፋችሁ በክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱ። በሚቀጥለው እትም እንከራከራለን። ቸር እንሰንብት!

ከ7ኛ "ለ" ክፍል