የባለሙያው ጥርጣሬ

በዘመናችን የጤና ምርምር ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም አንድ አዲስ መሣሪያ ገና በባለሙያው እጅ ሳይገባ ስለ መሣሪያው ያለውን ልብ በመጠይቅ መርምሮ፣ «በጣም እስማማለሁ» ያለውን በጎ አመለካከት ካላቸው ተርታ፣ «አልስማማም» ያለውን ግንዛቤ ከጎደላቸው ተርታ መድቦ፣ ለኋለኛው ሥልጠና ይሰጠው ብሎ መደምደም ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራጅንና ሲቲ ስካንን ያነባል ከተባለ ወዲህ በደሴና በኮምቦልቻ ሆስፒታሎች የሚያገለግለው ሐኪም፣ ነርስና የራጅ ባለሙያም በዚሁ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ማመንታቱም እንደ ሕፀፅ፣ ከዚያም አልፎ እንደ ኑፋቄ ይቆጠርበታል። እኔ ግን ሚዛኑን እነቅፋለሁ፤ የእምነቱን መጠን ይሰፍራል እንጂ የጥርጣሬውን ምክንያት አይጠይቅምና።

ራጅ ራሱ በሐኪሞች ዘንድ አመኔታን ያገኘበት መንገድ ሌላ ነበር። ሮንትገን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ጨረሩን ባገኘ በመንፈቁ፣ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የኢጣልያ ጦር ሐኪም፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው ወደ ናፖሊ በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የተሰወረውን ጥይት በዚሁ ጨረር ፈለገ፤ በጦር ሕክምና ታሪክ የራጅ የመጀመሪያ ምስክሮች ከሚባሉት አንዱ ከእኛ ምድር የሄደ ቁስል መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። በዚያን ጊዜ ጥይቱ አለ የተባለበትን ሥፍራ የቀዶ ሐኪሙ ቢላዋ ሊያረጋግጠው ወይም ሊያስተባብለው ይችል ስለ ነበር፣ እምነት ከማስረጃ በኋላ መጣ እንጂ አልቀደመውም።

ዛሬ ከባለሙያው የሚፈለገው ግን እምነቱን አስቀድሞ እንዲሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሆስፒታሎች የራጅ ሥዕሎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የሳንባ ምችን እንዲለይ የሠለጠነ ፕሮግራም ከሠለጠነበት ሆስፒታል ሲወጣ ችሎታው ሊቀንስ እንደሚችል፣ ሥዕሉ ከየትኛው ሆስፒታል እንደ መጣ ማወቁንም ለፍርዱ መደገፊያ ሊያደርገው እንደሚችል አሳይቷል። እንግዲህ ዘመኑን በጨርቃ ጨርቅ ብናኝ ውስጥ ያሳለፈ፣ የቀድሞ የሳንባ ነቀርሳም ጠባሳውን የተወበት የኮምቦልቻ ሠራተኛ ሳንባ፣ እንደዚህ ያለውን ከቶ ሳያይ በተማረ ፕሮግራም ፊት ሲቀርብ ምን ተብሎ ይነበብ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ምን በደለ?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ፣ ተመራማሪዎቻችን በጎ አመለካከት እያሉ የሚያመሰግኑት መንፈስ ራሱ በሽተኛውን ሊጎዳ መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ አንድ የጀርመን ጥናት 27 ራዲዮሎጂስቶች የጡት ራጅ እንዲያነቡ ተደርጎ፣ የመሣሪያው ምክር ትክክል በነበረ ጊዜ ልምድ የሌላቸው ከ100 ሰማንያውን ያህል በትክክል ሲፈርዱ፣ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ምክር በቀረበላቸው ጊዜ ግን ፍርዳቸው ወደ ሃያ ወረደ፤ እጅግ የተለማመዱት እንኳ ከ82 ወደ 46 ገደማ ዝቅ አሉ። ይህ የሆነው ዘወትር ራጅ በማንበብ በሚኖሩት ላይ ከሆነ፣ ራዲዮሎጂስት በሌለበት ሌሊት ብቻውን ተረኛ በሆነው ጠቅላላ ሐኪም ላይማ እንዴት አይብስ! ለእርሱ «በጣም እስማማለሁ» የምትለው ምልክት ልቡናውን ለሌላ አሳልፎ የመስጠት መጀመሪያ ልትሆን ትችላለች።

መሣሪያው ከንቱ ነው አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የሳንባ ነቀርሳን ከደረት ራጅ ለመለየት እንዲህ ያለውን ፕሮግራም መጠቀም እንደሚቻል መክሯል፤ አንባቢ ራዲዮሎጂስት በሌለባት ወረዳ ይህ ታላቅ ረድኤት ነው።

ነገር ግን የደሴ ባለሙያ ተዘክሮ አለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማይቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በተያዘች ጊዜ ሆስፒታሉ ተዘርፏል፣ መሣሪያዎቹም ተሰባብረዋል። ያንን ያየ ሰው ስለ አዲሱ መሣሪያ ሲጠየቅ መብራት ሲጠፋስ፣ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል፣ ውሉ ሲያልቅ ማን ይከፍላል ብሎ ቢመልስ፣ ይህ ቃል ከሥልጠና ጉድለት ሳይሆን ከዕውቀት የመነጨ ነው። በመጠይቁ ላይ ግን ለዚህ ቃል የተተወ ሥፍራ የለም። ስለ እንጀራው የሚሰጋም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው ጆፍሪ ሂንተን ራዲዮሎጂስት ማሠልጠን ይቁም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽኑ ይበልጣቸዋል ብሎ የተናገረው ትንቢት ጊዜው አልፎ ሳይፈጸም ቀርቷል፤ ስለዚህ የእንጀራዬ ነገርስ ብሎ የሚሰጋውንም ፈሪ ከማለት ይልቅ ማን እንዳስፈራው መጠየቅ ይገባ ነበር።

ሌላ ሥራ ይቅደም። በደሴ ሆስፒታል ከተነሡት ሥዕሎች፣ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የበሽተኞቹ ማንነት ተሰውሮ፣ ጥቂት መቶዎቹ ተመርጠው፣ ፕሮግራሙና የአገራችን ራዲዮሎጂስቶች አንዱ የሌላውን ፍርድ ሳያይ ያንብቧቸው፤ የሁለቱም ስሕተት ተቆጥሮ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከዚያም በስሕተት ንባብ በሽተኛ የተጎዳ እንደ ሆነ ተጠያቂው ሐኪሙ፣ ሆስፒታሉ ወይስ ሻጩ መሆኑ በጽሑፍ ይወሰን፤ ይህ የጽሑፍ ውሳኔ ለኮምቦልቻው የሌሊት ተረኛ ከደረሰ በኋላ፣ ያን ጊዜ መጠይቁን ይዛችሁ ኑ።