የአኩሪ አተር አይብ፦ አወጣጡና ቅመም አጠጣጡ

የጾም ወራት በገባ ቁጥር፣ ወይም የሥጋው ዋጋ ከቤቱ ወጪ ጋር አልገጥም ባለ ጊዜ፣ ሠራተኛዋ እናት የምታነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከሽሮና ከምስር ሌላ ለቤተሰቡ ምን ይቅረብ? ሽሮም ሆነ ምስር የሚናቅ ምግብ አይደለም። ይሁንና በሰውነት ገንቢነቱ ከጥራጥሬ ሁሉ አኩሪ አተር ይበልጣል። ከ100 ግራም ደረቅ ምስር ወይም ሽምብራ የሚገኘው ፕሮቲን ከ20 እስከ 25 ግራም ሲሆን፣ ከዚያው ልክ አኩሪ አተር የሚገኘው ወደ 36 ግራም ይጠጋል። ይህ እህል በጅማ፣ በወለጋና በፓዌ አካባቢ ይመረታል። ዛሬ የምናወሳው ከእርሱ ስለሚወጣው አይብ ነው። ቻይናውያን ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ይሠሩታል፤ ጃፓኖች ቶፉ ይሉታል።

ቶፉን የቀመሱ አንዳንድ እህቶች «ጣዕም የለውም፣ ውሃ ውሃ ይላል» ሲሉ ይሰማል። እውነታቸውን ነው። አይቡ እንደ ስፖንጅ ውሃ የያዘ ስለሆነ ቅመሙ የሚገባበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ዋናው ብልሃት በቅመሙ ብዛት ሳይሆን ውሃውን አስወጥቶ ቅመሙን በስፍራው በመተካት ላይ ነው።

አሬራ አሙቃ አይብ ላወጣች እናት ሥራው እንግዳ አይሆንባትም። ግማሽ ኪሎ የተለቀመ አኩሪ አተር አጥባችሁ ማታ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት። ጠዋት ያደረበትን ውሃ ደፍታችሁ እንደገና እጠቡትና ከ4 ሊትር ንጹሕ ውሃ ጋር እያከፋፈላችሁ በጁስ መፍጫ ፍጩት። ከዚያም በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልሉት። ጨርቁን ጠምዝዞ መጭመቅ የክንድ ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ አባወራው የማዕድ ቤት ሥራውን ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው።

የተጠለለው ወተት ሰፊ ድስት ይፈልጋል፤ አረፋው ቶሎ ይገነፍላል፣ ሥሩም ያራል። ስለሆነም ማማሰያው ከእጃችሁ አይለይ። መፍላት እንደጀመረም ቸኩላችሁ አታውርዱት፤ እሳቱን ቀንሳችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይንተክተክ። ይህን የምናጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ሆድ ፕሮቲኑን እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር አለ፤ ይህም ኃይሉን የሚያጣው በሚገባ ሲበስል ነው። አረፋ ስላወጣ ብቻ በስሏል ብላ የምታወርድ እናት ልጆቿን ለሆድ ቁርጠት ትዳርጋለች፤ የደከመችበትንም ገንቢ ምግብ ታባክናለች።

ወተቱን ካወረዳችሁ በኋላ 5 ደቂቃ አቆዩት። 7 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በርዙና በሁለትና በሦስት ጊዜ ከፍላችሁ ጨምሩበት። ቀስ ብላችሁ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ አማስሉ፤ ብዙ ከተማሰለ አይቡ ይፈረፈራል። ከድናችሁ 15 ደቂቃ ተዉት። ከአይቡ የተለየው ውሃ ጠርቶ ወደ ቢጫ ማድላት አለበት፤ ገና ወተት ከመሰለ ጥቂት ሎሚ ይጨመር። ከዚያም ጨርቅ በተነጠፈበት ወንፊት ላይ ገልብጡት፣ በጨርቁ ሸፍናችሁ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ነገር ጫኑበት። ለጥብስ የሚሆነው ጠንካራው ስለሆነ አንድ ሰዓት ያህል ይጫን።

አሁን ወደ ቅመሙ እንምጣ። አይቡን ከአንድ ጣት በማይበልጥ ውፍረት ቁረጡት። ቅመም ሌሊቱን ሙሉ ቢያድርበት እንኳ ጠልቆ የሚገባው ጥቂት በመሆኑ፣ የወፈረው ቁራጭ መሐሉ አልጫ ይቀራል። ቀጥላችሁ በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩና ቁራጮቹን 15 ደቂቃ ንከሩባቸው። ውሃን በውሃ ማስወጣት እንግዳ ቢመስልም፣ ትኩሱ የጨው ውሃ ከአይቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ስቦ ያወጣል። ከወጡ በኋላ በጨርቅ ደህና አድርጋችሁ አድርቋቸው።

ለመዘፍዘፊያው አንድ የቡና ሲኒ ውሃ፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ጨውና አንድ የሾርባ ማንኪያ አዋዜ ይበቃል። ለትንንሽ ልጆች አዋዜው ቀርቶ እርድ ይግባበት። ሰናፍጭ የሚወድ ቤተሰብ በአዋዜው ፈንታ ሰናፍጭ ቢያደርግበት ከስልጆ የሚቀራረብ ጣዕም ያገኛል፤ በእኛ በኩል ይኸኛውን እናስበልጣለን። ዘይት ግን በዚህ ጊዜ አይጨመር፤ አይቡን ሸፍኖ ቅመሙ እንዳይገባ ያደርጋል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል በማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። ማታ ከሥራ ስትመለሱ የሚቀረው የ10 ደቂቃ ሥራ ብቻ ነው። ቁራጮቹን ከመዘፍዘፊያው አውጥታችሁ አንጠፍጥፉና በጋለ ዘይት በሁለቱም ወገን ጥበሷቸው። በመጨረሻ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል አክሉና የተረፈውን መዘፍዘፊያ አፍስሱበት፤ እስኪመጥ ድረስ ይፍላ። አዋዜው አስቀድሞ ከዘይቱ ጋር ከገባ ያርና ይመራል።

በረዶ ቤት ያለው ማቀዝቀዣ ላላችሁ ሌላ ዘዴ አለ። አይቡን አንድ ሌሊት አግግሩት፤ ሲቀልጥ በመዳፋችሁ ተጭናችሁ ውሃውን አውጡ። የበረዶው ቅንጣት በውስጡ ቀዳዳ ስለሚተው ቅመሙን ይመጠዋል፣ ሲታኘክም ሥጋ ሥጋ ይላል። መልኩ ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ። ጃፓኖች እንዲህ አግግረው የሚያደርቁትን ቶፉ፣ ሥጋ የማይበሉ የቡድሃ መነኮሳት በሚኖሩበት በኮያ ተራራ ስም ይጠሩታል።

ሁለት ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። አንደኛ፣ በቤት የሚወጣው የአኩሪ አተር ወተት በምንም መንገድ የጡት ወተት ምትክ አይሆንም፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጡጦ መስጠት ትልቅ አደጋ ነው። አኩሪ አተር ሰውነታቸው የማይስማማቸው ልጆችም ስላሉ፣ መጀመሪያ ጥቂት ቀምሰው ይታዩ፤ ሰውነታቸው ካሳከካቸው ወይም ካስመለሳቸው ይቅርባቸው። ሁለተኛ፣ በሎሚ የወጣ አይብ የወተትን ያህል ካልሲየም የለውም፣ ቫይታሚን ቢ 12ም አይገኝበትም። ጾሙ የረዘመባት ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ይህን ለጤና ባለሙያ ብታማክር ይሻላል። ደግሞ ከማዕዱ እንደተነሣን ቡናና ሻይ መጠጣቱ በጥራጥሬው ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚያደርግ፣ ቡናው አንድ ሰዓት ቢዘገይ ጥቅሙ ለእናት ነው።

ያልተዘፈዘፈው አይብ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ውሃው በየቀኑ እየተለወጠ በማቀዝቀዣ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ማቀዝቀዣ የሌላት እናት ግማሹን ልክ ብቻ አውጥታ በዕለቱ ብትጨርሰው ይመረጣል፤ ከሸተተ ወይም ካዝለገለገ ይደፋ። ከጨርቁ የቀረው አሰር ግን አይጣልም። ገና ጥሬ ስለሆነ በጥቂት ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀቀልና በሽንኩርትና በቃሪያ ተቁላልቶ ለቁርስ በእንጀራ ይበላል።