ደማቁን ቁጥር አትመኑ

አገር ቤት ሳለን መብራት የሚሰጠን አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነበር። ቴክሳስ ግን ከጥር 2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመብራት ችርቻሮውን ለውድድር ስለከፈተች፣ ዳላስ ገብቶ አፓርታማ የሚከራይ ሰው ኩባንያ ምረጥ ይባላል። ብዙዎቻችን ጓደኛ የጠቆመንን ወይም በር ያንኳኳውን ሻጭ ሰምተን እንፈርማለን። (ብዙ ወገን የሚኖርባት የዳላስ ጎረቤት ጋርላንድ የራሷ የከተማ መብራት ስላላት አብዛኛው ነዋሪዋ ይህ ጣጣ የለበትም።)

ዳላስ ውስጥ ምሰሶውና ሽቦው ኦንኮር የተባለ ኩባንያ ንብረት ነው። የማንም ደንበኛ ብትሆኑ መስመር ሲበጠስ የሚጠግነው እሱ ነው። ርካሽ ኩባንያ የገባ ሰው መብራቱ ቶሎ አይጠፋበትም፤ ውድ የገባውም ቀድሞ አይበራለትም። እንግዲህ የምንመርጠው ዋጋና ውል ነው።

ዋጋው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። ማስታወቂያው በደማቁ የሚጽፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ በወር 1,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የተሰላ ነው። በኪሎ ዋት ሰዓት 18 ሳንቲም የሚያስከፍል፣ ፍጆታው 1,000 ሲሞላ ግን 100 ዶላር የሚቀንስ ውል አለ እንበል። ልክ 1,000 የተጠቀመ ሰው 80 ዶላር ይከፍላል፤ ማስታወቂያውም «8 ሳንቲም» ይላል። 990 የተጠቀመው ጎረቤቱ ግን 178 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይመጣበታል። ብቻቸውን ባለ አንድ መኝታ ቤት የሚኖሩ እናት ማቀዝቀዣም ማሞቂያም በማይበራበት ወር ከየት አምጥተው 1,000 ይሞላሉ? ኤሌክትሪሲቲ ፋክትስ ሌብል የሚባለውን ወረቀት ጠይቁ፤ ኩባንያው የማቅረብ ግዴታ አለበት። በ500፣ በ1,000 እና በ2,000 የሚያስከፍለው አማካይ ዋጋ እዚያ ላይ አለ። ያለፈውን ዓመት ቢላችሁን አጠገቡ አድርጋችሁ አስተያዩት።

አንድ የማውቃቸው እናት በነሐሴ ቢላቸው ድንገት አሻቀበባቸውና ወረቀታቸውን አብረን አገላበጥን። ውላቸው አልቆ በየወሩ ወደሚለዋወጥ ዋጋ ተዛውረዋል። ውሉ ሊያልቅ መሆኑን የሚገልጸው ማስታወሻ በፖስታ መጥቶላቸው ነበር፤ እንግሊዝኛ ስለሆነና ማስታወቂያ ስለመሰላቸው ሳይከፈት ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። ጥፋቱ የእሳቸው ነው ብሎ የሚከራከረኝ ቢኖር አልስማማም። ወረቀቱን ማንበብ የሚችል የሚጠቀምበት፣ የማይችል ደግሞ አብልጦ የሚከፍልበት ገበያ ፍትሐዊ አይደለም።

የካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ቴክሳስን የመታው ብርድ ከዚህም የከፋ አሳይቷል። የጅምላ ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 9 ዶላር ደርሶ፣ ውላቸው ከጅምላው ዋጋ ጋር የታሰረ ቤተሰቦች በቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ዕዳ ወደቀባቸው። ሕግ አውጪዎች በዚያው ዓመት እንዲህ ያለውን ውል ለመኖሪያ ቤት ከለከሉ። በየወሩ የሚለዋወጠው ዋጋ ግን አሁንም አለ። ስለዚህ እኔ ቋሚ ዋጋ ያለውን፣ የዋጋ ቅናሽ ቅድመ ሁኔታ የሌለበትን ውል እመርጣለሁ፤ በማስታወቂያው ላይ ትንሽ ውድ ቢመስልም።

ውሉ ሊያልቅ 14 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ያለ ቅጣት ኩባንያ መቀየር ይቻላል። ፓወር ቱ ቹዝ የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ኩባንያዎቹን በነፃ ያወዳድራል፤ ቋንቋው ግን እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ነው። ልጆች፣ በዚህ ሳምንት የወላጆቻችሁን ቢል ተቀበሏቸውና ውላቸው የሚያልቅበትን ቀን ፈልጉላቸው። ልጅ አጠገባቸው ለሌላቸው ደግሞ ጎረቤት ያንብብላቸው።