ሁለት እግር፣ ሁለት ዛፍ

አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። ከለንደን ተነሥቼ ወደ ዌልስ በባቡር በተጓዝሁ ቁጥር ይህ ብሂል ትዝ ይለኛል።

ከፓዲንግተን እስከ ካርዲፍ ባቡሩ በላዩ ከተዘረጋው ሽቦ ኤሌክትሪክ እየሳበ በጸጥታ ይነጉዳል። ከካርዲፍ በኋላ ሽቦው ያበቃል፤ ከወለሉ ሥር የናፍጣ ሞተር ማጓራት ይጀምራል። እስከ ስዋንዚ ያለው 70 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በጭስ ይታለፋል።

ይህ የሆነው በዕጣ አይደለም። የብሪታንያ መንግሥት እስከ ስዋንዚ ሽቦ ሊዘረጋ ቃል ገብቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ቃሉን ሰረዘ። ምክንያቱ ምን ነበር? በሁለቱም ኃይል የሚሄድ ባቡር እያለ ሽቦው ለምን ያስፈልጋል የሚል!

በጭፍን አልፈርድም። የዚያ መስመር ሽቦ ወጪ በ2013 ከተገመተው 874 ሚሊዮን ፓውንድ በ2015 ወደ 2.8 ቢሊዮን አሻቅቦ ነበር። መንገደኛም ካርዲፍ ላይ ወርዶ ባቡር አለመቀየሩ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ባቡር ሽቦ ባለበት የማይሠራ ሞተርና ናፍጣ ተሸክሞ ይሮጣል፤ ሽቦ በሌለበት ደግሞ ሥራ የፈታ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይጎትታል። ዕድሜ ልኩን የአንዱን ሸክም ለሌላው ያዝላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሸክሙ አይደለም፤ ሰበብነቱ ነው። ለመሻገሪያ የመጣው ድልድይ ማደሪያ ሆነ። ባቡር አንዴ ከተገዛ ለአንድ ትውልድ ይኖራልና «ለጊዜው» የተባለው ነገር ልጆቻችንን ይጠብቃቸዋል።

«አንተን ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አገባኝ እንጂ! ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋውና በጥር 2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው መስመራችን ለኤሌክትሪክ የተሠራ ነው። ነገ መብራት በተቋረጠ ቁጥር መድኃኒቱ ይህ ነው ብሎ ሃይብሪድ ባቡር ይዞ የሚመጣ ሰው ቢነሣ አይደንቀኝም። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቀው፦ ሽቦው እስኪጠገን ነው፣ ወይስ ሽቦው እንዳይጠገን?

ናፍጣውን በውጭ ምንዛሪ እንገዛዋለን፤ መብራቱን ግን ከገዛ ወንዞቻችን እናገኘዋለን። እኔ አንዱን ዛፍ መርጫለሁ።