ከሰማይ የታየው ደን በእግርም ይቆጠር

በደቡብ ጎንደር ገጠር የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በእርሻው መካከል ጥቅጥቅ ብሎ የሚታየው ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ስፍራ ነው። ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው በሌላው ቦታ ሲመነጠር በዚያ ሊተርፍ የቻለው በካህናቱና በምእመናኑ ጥበቃ ነው። ይህን ሀብት ለተከታዩ ትውልድ ለማቆየት ግን ስፋቱንና ይዞታውን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚረዳ መሣሪያ ዛሬ በእጃችን አለ። ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች የሚያነሧቸው ሥዕሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ሴንቲኔል 2 ደግሞ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነውን መሬት ለይቶ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ከሰማይ አረንጓዴ ሆኖ የታየ ሁሉ ጤናማ ደን አይደለም። ሳተላይቱ የሚያየው የዛፉን አናት ነው። ከሥር ከብት ገብቶ ቡቃያውን ከጋጠው፣ አሮጌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ የሚተካቸው አይኖርም። ባሕር ዛፍም ቢሆን ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ወደ ደኑ በእግሩ ገብቶ ችግኙን በየዓይነቱ መቁጠር ይኖርበታል።

ይህን ቆጠራ በወረቀት መዝግቦ ከተማ ድረስ ማመላለስ የግድ አይደለም። ኪውፊልድን የመሳሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ፣ ኔትወርክ በሌለበትም ቦታ ይሠራሉ። የልማት ሠራተኛው በቆመበት ስፍራ የዛፉን ዓይነት፣ የችግኙን ብዛትና የድንበሩን መስመር ከካርታው ጋር አያይዞ ሊመዘግብ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የአገራችን የቀድሞ ባለ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መሠረት ሲሆን፣ ስልኩ የሚጠቀመው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የተባለውን ነው። ሁለቱ ሳይስተካከሉ ቢደባለቁ ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ሊዛነፍ ይችላል። ለትንሽ ደን ይህ ማለት ድንበሩ በጎረቤት ገበሬ ማሳ ላይ አረፈ ማለት ነው፤ መዘዙም ግልጽ ነው።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ባልደረባቸው ማርጋሬት ላውማን ከሕዝቡ ጋር ያስፋፉት የድንጋይ አጥር ከብቱን ከደኑ ያርቃል፤ ድንጋዩ ከማሳ ሲለቀምም ለገበሬው እርሻ ይጸዳለታል። የትኛው ደን በቅድሚያ ይታጠር ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ግን በስፍራው የተደረገ ቆጠራ ነው።

በመሆኑም የተሰበሰበው መረጃ በተመራማሪው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ መቅረት የለበትም። ካርታው ታትሞ ለቀበሌው፣ ለደብሩ አስተዳዳሪና ለአዋሳኙ ገበሬ ሊሰጥ፣ በየጊዜውም እንደገና ተለክቶ ሊነጻጸር ይገባል። ደኑን ጠብቆ ያቆየው ሕዝብ የደኑን ልክ የማወቅ መብት አለውና፣ የሚመለከታቸው ሁሉ ከአሁኑ ሊያስቡበት ይገባል።