«ይጎትታል» የሚለውን ሻጭ ሚዛን ላይ አውጡልኝ

በኮሎራዶ የኢንተርስቴት 70 ዳገትና ቁልቁለት ላይ ትራክ የምንነዳ ሐበሾች ጥቂት አይደለንም። ትራኩ፣ ተሳቢውና ጭነቱ ተደምሮ ከ80,000 ፓውንድ፣ በኪሎ ከ36,000 ትንሽ ካለፈ፣ ልዩ ፈቃድ እስካልያዝን ድረስ መንገዱ ለኛ ዝግ ነው። መንጃ ፈቃዱን ለማውጣት ተምረን ተፈትነናል፤ ከ2022 ወዲህማ እውቅና ካለው ቦታ ሳይሠለጥኑ ለፈተናው መቅረብም ቀርቷል። ጠዋት ፍሬን ሳንፈትሽ፣ ጎማዎቹን ዞረን ሳናይ፣ መብራት ሳንሞክር አንነሳም። ሚዛን ጣቢያው ክፍት ከሆነ እንገባለን። ይሄን ሁሉ እሰየው ነው የምለው። ክብደት ቀልድ አያውቅም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እዚያው መንገድ ላይ፣ በሰመር ቅዳሜና እሑድ፣ ስምንት ዘጠኝ ሜትር የሚረዝም ካምፐር ፒካፑ ላይ አስሮ፣ ሚስትና ልጆቹን ጭኖ፣ ጣሪያው ላይ ብስክሌት ደርድሮ በአጠገቤ ሽው ብሎ የሚያልፈውን አባወራ ማንም ምንም አልጠየቀውም። በአብዛኞቹ ስቴቶች ተራው መንጃ ፈቃድ ይበቃዋል። ሚዛን ጣቢያው እሱን አይመለከተውም። ፍሬኑ ይያዝ አይያዝ ያየለት የለም። የሸጠለት ድርጅት ካምፐሩን ያስረከበው ሶፋ እንደሚያስረክብ ነው፤ እዚህ ጋ ፈርም፣ ቁልፉ ይኸው፣ መልካም ጉዞ።

ይሄ በሕግ ወንጀል ባይሆንም እኔ ወንጀል ነው የምለው። ቃሉ በዛ የሚል ካለ የአይዘንሃወርን ዋሻ አልፎ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደውን መንገድ በማይይዝ ፍሬን ይሞክረው። ዋሻው ያለው ወደ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን በቀጭኑ አየር ተነጥቆ እያቃሰተ ይወጣል። መውጣቱ ግን የከፋው ክፍል አይደለም። ከዋሻው ማዶ ቁልቁለቱ ይጠብቃል፤ ፍሬናቸው ለከዳቸው ትራኮች በጠጠር የተሞላ ማምለጫ የተሠራበት ቁልቁለት ነው። ሻጩ ስለዚህ ቁልቁለት ምን አለ? «ይሄ ፒካፕ 11,000 ፓውንድ ይጎትታል» አለ። አበቃ።

እስቲ ይቺን ቁጥር እንፈትሻት። አምራቾቹ የሚስማሙበት ጄ 2807 የሚባል የመጎተት መለኪያ አለ፤ ቶዮታ በ2011 ሞዴሎቹ ቀድሞ ተቀበለው፣ ሌሎቹ ዘግይተው ተከተሉ። ከፈተናዎቹ አንዱ አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም አጠገብ ያለውን 18 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት በሙቀት መውጣት ነው። ፈተናው መጥፎ አይደለም፤ ከሱ በፊትማ እያንዳንዱ ፋብሪካ የመጣለትን ቁጥር ነበር የሚጽፈው። ነገር ግን ፈተናው መኪናው ውስጥ ያስቀመጠው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንድ ሾፌርና አንድ ተሳፋሪ፣ እያንዳንዳቸው 68 ኪሎ። ልጆች የሉም። በረዶ የሞላ ማቀዝቀዣ፣ ጀነሬተር፣ ከሰል፣ አያት የላኩት የበርበሬ ከረጢት፣ አንዱም የለም። በማስታወቂያው በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የእነዚያ የሁለት ቀጫጭን ሰዎች ቁጥር ነው።

የናንተ ቁጥር ሌላ ቦታ ነው ያለው። የሾፌሩን በር ክፈቱና በሩ የሚገጥምበት ምሰሶ ላይ የተለጠፈችውን ነጭና ቢጫ ወረቀት አንብቡ። የተሳፋሪና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም ትላለች፤ ፓውንድ ለማይገባን በኪሎም ጭምር። ካምፐሩ መጎተቻው ላይ ተደግፎ ወደ ታች የሚጫነው ክብደት ከዚችው ላይ ይቀነሳል። ይሄንን የሚነግር ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ኦሮራ የሚኖር አንድ ወዳጄ ካምፐር ገዝቶ «አንተ የትራክ ሰው ነህ፣ መጥተህ እስቲ እየው» አለኝ። ወረቀቷ 660 ኪሎ ትላለች። ካምፐሩን ዕቃውንና ውሃውን ሞልተን የትራክ ማቆሚያ ሚዛን ላይ አወጣነው፤ 3,400 ኪሎ። ብሮሹሩ ላይ 2,700 ነበር፤ ያለ ባትሪ፣ ያለ ጋዝ፣ ያለ ውሃ፣ ያለ አንድ ማንኪያ። ካምፐር ሳይወዛወዝ እንዲሄድ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። የሱ 425 ኪሎ ሆነ። መጎተቻው ራሱ 45። ቀረ 190። ወዳጄ 85 ኪሎ ነው፣ ባለቤቱ 70 (የሷን እኔ አልጠየቅኩም፣ እሱ ነው የነገረኝ)። ለአራት ልጆች የተረፈው 35 ኪሎ ነው። የበኩር ልጁ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል።

ሻጩ ዘንድ ሲደውል የተሰጠው መልስ «ክብደት የሚያከፋፍለውን መጎተቻ ስለገዛህ ችግር የለም» ነው። ይሄ መልስ ደሜን ያፈላዋል። ያ መጎተቻ ጠቃሚ ዕቃ ነው፤ ዘንጎቹ ሲወጠሩ በፒካፑ የኋላ ጎማ ላይ ከተከመረው ክብደት ከፊሉን ወደ ፊት ጎማና ወደ ካምፐሩ ጎማዎች ይገፉታል፤ መሪው ከመቅለል ይድናል። የበሩን ወረቀት ቁጥር ግን በአንድ ኪሎ እንኳ አያሳድግም። ሻጩ ይሄን ካላወቀ ለምን ይሸጣል? ካወቀስ?

ቤተሰቡ ክብደት ለመቀነስ ብሎ ዕቃውን ወደ ካምፐሩ ጅራት ካሸሸው ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የኋላው ከከበደ፣ ትልቅ ትራክ በጎን ሲያልፍ ወይም ነፋስ ሲመታው ካምፐሩ መወዛወዝ ይጀምራል፤ እያደገ ይሄድና ፒካፑን ይዞት ይዞራል። ያኔ የሰው እግር በደመ ነፍስ ፍሬን ላይ ይወጣል፤ መደረግ የሌለበትም እሱ ነው። ነዳጁን መልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የካምፐሩን ፍሬን ማዘዣ በእጅ መጫን ነው፤ ካምፐሩ ብቻውን ሲይዝ ወደ ኋላ ተስቦ ይቃናል። ወዳጄ ይቺ ማዘዣ ለምን እንደምታገለግል አያውቅም ነበር። ርክክቡ ላይ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳ እንዴት እንደሚያወርድ አሳይተውታል።

ማዘዣዋ የሚያዝዘው ፍሬን ካለ ነው ደግሞ። የካምፐር ፍሬን በኮረንቲ ነው የሚሠራው፤ በየታምቡሩ ውስጥ ማግኔት አለ፣ ኮረንቲ ሲደርሰው የታምቡሩን ግድግዳ ነክሶ ሸራውን ይገፋል። በብዛት የሚገጠመው የ12 ኢንች ፍሬን ማግኔት በ12 ቮልት 3 አምፔር ያህል ይወስዳል። አራት ጎማ፣ 12 አምፔር። የሚያስፈልገው አንድ ቴስተር ነው፤ ሰማያዊው የፍሬን ሽቦ ላይ አስገብቶ ማዘዣዋን መጫን። እኛ ስንጭን ቴስተሩ 6 ላይ ቆመ።

ካምፐሩ ሥር ገባሁ። ወደ ኋለኛው አክስል የሚሄደው ሽቦ መጋጠሚያው ውስጥ ተሰክቷል፣ ግን አልተጨፈለቀም፤ በጣቴ ሳብ ሳደርገው ወጣ። ግማሽ ፍሬን ከፋብሪካው ጀምሮ አልነበረም ማለት ነው። ከዚያው ሳልወጣ ነጩን ሽቦ፣ ማሳውን ፈለግኩት። በአንዲት ቪስ ቀለም ከተቀባ ብረት ላይ ተጣብቋል፤ በቪሷ ዙሪያ ዝገቱ ጀምሯል። የግራ ፍሬቻ ሲበራ የቀኙ መብራት አብሮ የሚርገበገበው፣ ፍሬን ሲያዝ ሁሉም መብራት የሚደበዝዘው በሱ ነው። ኮረንቲው መመለሻ ሲያጣ በሌላው አምፖል በኩል ይዞራል። ቀለሙን ፋቅ አድርጎ፣ ወፈር ያለ ሽቦ በቡሎንና በዳዶ ማሰር ነው መድኃኒቱ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ወዳጄ እጅ ውስጥ ግን «ፍሬንና መብራት ተፈትሾ በትክክል ይሠራል» የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀት አለ። ማን ፈተሸው? በምን ፈተሸው? ወረቀቱን ነው የፈተሹት።

ሠራተኛውን ለመስደብ አይደለም። ከሰሜን አሜሪካ ካምፐሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሠሩት ኢንዲያና ነው፤ ልቡ ኤልክሃርት ካውንቲ። በብዙዎቹ ፋብሪካዎች ክፍያው በቁራጭ ነው፤ ዛሬ ስንት ካምፐር ወጣ ተብሎ ይሰላል። በወረርሽኙ ጊዜ ሕዝቡ ሆቴል ሸሽቶ ካምፐር ሲሻማ በ2021 ብቻ ከ600,000 በላይ ከፋብሪካ ወጥቷል። በእንዲህ ያለ ጥድፊያ አንዲት መጋጠሚያ ሳትጨፈለቅ ብታልፍ አይገርመኝም። የሚገርመኝ ከፋብሪካው እስከ ገዢው ደጃፍ ባለው ሰንሰለት ውስጥ አንድም ሰው ቴስተር አለማንሳቱ ነው። ኮሚሽን የማይነካው ሰው የለም፤ ሽቦውን ግን አንድ ሰው አልነካውም።

የመሰኪያውም ነገር ሌላ ዕብደት ነው። የ30 አምፔሩ ካምፐር የሚፈልገው 120 ቮልት ነው። ማውጫው ግን ባለ ሦስት ቀዳዳ ስለሆነ የድሮ ልብስ ማድረቂያ ማውጫ ይመስላል፤ የማድረቂያው 240 ነው። ቤታችሁ ግቢ ውስጥ ለካምፐሩ ማውጫ እንዲያስገባላችሁ የጠራችሁት ኤሌክትሪሺያን፣ ፈቃድ ያለውም ቢሆን፣ 30 አምፔር ሲሰማ እጁ ወደለመደው ይሄዳል። ስትሰኩት ማይክሮዌቩ፣ የባትሪ መሙያው፣ የኤሲው ሰሌዳ በአንድ ጊዜ ይጨሳል። በዚህ ስንት ካምፐር ነዷል፣ ግን መሰኪያው አጠገብ ቀይ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ የከበዳቸው ይመስላል። ሳትሰኩ በቴስተር ለኩ፤ ከ120 ብዙ ከራቀ እጃችሁን አንሡ።

የኛ ሰው ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዞ ካልሄደ ካምፕ የወጣ አይመስለውም። አልፈርድም፤ ጫካ ውስጥ ትኩስ እንጀራ ማን ይጠላል። ግን 30 አምፔር በ120 ሲባዛ 3,600 ዋት ነው። ኤሲው 1,500 አካባቢ፣ የውሃ ማሞቂያው 1,400 አካባቢ፣ ምጣዱ 1,500 አካባቢ ይወስዳሉ። ደምሩት። ብሬከሩ ሲወርድ ካምፑን የሚያስተዳድረውን ሰውዬ መጥራት ትተን ኤሲውን እናጥፋ።

ለኛም ቢሆን ምሕረት የለኝም። «እስካሁን ጎትቶታል፣ ምንም አልሆነም» ይሉኛል። መጎተቱንማ ጎተተው፤ ጥያቄው ማቆሙ ነው። «እግዚአብሔር ይጠብቀናል» የሚሉም አሉ። ይጠብቃችሁ፣ አሜን። እሱ ግን የጎማ ዳዶ አያጠብቅም፤ አዲስ ካምፐር ከመጀመሪያዎቹ 80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆማችሁ ዳዶውን በልኩ ማጥበቅ የናንተ ሥራ ነው። የጎማውን ዕድሜ ማንበብም እንደዚሁ። ጎማው ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና አዲስ ቢመስልም የካምፐር ጎማ ከአምስት ስድስት ዓመት በላይ አይታመንም።

ለካምፐር ልዩ መንጃ ፈቃድ ይምጣ የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ አልስማማም። ሸክሙን እንደገና ገዢው ጫንቃ ላይ መጣል ነው የሚሆነው። ግዴታው ሻጩ ላይ ይሁን። ካምፐሩ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት ከፒካፑና ከቤተሰቡ ጋር ሚዛን ላይ ይውጣ፤ የበሩ ወረቀት ቁጥርና የሚዛኑ ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፎ ሁለቱም ወገን ይፈርምበት። የፍሬኑ አምፔር ተለክቶ ቁጥሩ ይጻፍ፤ «በትክክል ይሠራል» የሚል ቃል አይቆጠር። ይሄ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የብዙ አሥር ሺህ ዶላር ዕቃ ለሚሸጥ ድርጅት የግማሽ ቀን ሥራ። የተበላሸ አዲስ መኪና እንዲመለስ የሚያስገድደው ሕግ በብዙ ስቴቶች ተሳቢ ካምፐርን አለማካተቱም ያብቃ። ሕጉ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ሳትፈርሙ ጠይቁ፤ ከፈረማችሁ በኋላ ስልክ የሚያነሳላችሁም የለም።

ወዳጄ የሚዛኑን ወረቀት ይዞ ወደ ሸጡለት ሰዎች ተመልሶ ነበር። ሻጩ ወረቀቱን አየት አድርጎ ሳይከራከር ገባው፣ ፈገግም አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ ግቢው ዳር ወደቆመ ሌላ፣ ተለቅ ያለ ፒካፕ ወሰደው፤ የወር ክፍያው ትንሽ ነው የሚጨምረው፣ ይሄኛው ምንም ነገር ይጎትታል አለው። የዚህኛው ወረቀት ስንት እንደሚል ወዳጄ ራሱ በሩን ከፍቶ ነው ያነበበው።