ጤና አዳሙን የገደለው ብርዱ አይደለም



የዛሬው ወሬዬ ስለ አፈር ነው። ስለ እርሻ አፈር ሳይሆን፣ እናቶቻችን በሚርፔሴትና በመስኮት ሥር በሚያስቀምጧት የአበባ ማሰሮ፣ እዚህ "አጺጽ" በምንላት ውስጥ ስላለው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን የዚህ አገር ክረምት በመጣ ቁጥር ቂርያት ማላኺ ብሄድ፣ ገደራ ብሄድ፣ ያቭኔ ብሄድ የምሰማው አንድ ነው፤ "ጤና አዳሜ ሞተብኝ"፣ "ጌሾዬ ቅጠሏን አራገፈች"፣ "በሶብላው በቀለ ስል ወደቀ"። አንዷ ብርዱ ነው ትላለች፤ ሌላዋ የዚህ አገር አፈር አልቀበለውም ትላለች፤ ሦስተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሰው ዓይን ነው ትላለች። ልጆች ደግሞ "እማ፣ ግድግዳው ሻገተ፤ ይሄን ነገር ጣይው" ይላሉ።

እኔ በአንዱም አልስማማም። ተክሉ የሞተው ሰምጦ ነው። መጣል ያለበትም ማሰሮው ሳይሆን ውስጡ ያለው አፈር ነው።

ጤና አዳም ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም እኮ! በየድንጋያማው ኮረብታ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። የሞሮኮ ጎረቤቶቻችን "ሩዳ" ይሉታል፤ እነሱም ቤታቸው አያጡትም። በጋውን ሙሉ ጠብታ ዝናብ ሳያይ የሚከርም ተክል ነው። እግሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ግን አይችልም። ሥር ይተነፍሳል፤ አየሩን የሚያገኘው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ በውኃ ተሞልቶ ለቀናት ከቆየ ሥሩ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉም ይጠወልጋል። እናት ጠውልጎ ስታየው ተጠማ ብላ ሌላ ኩባያ ትጨምርለታለች። የተጠማና የሰመጠ ተክል ከላይ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው።

ወላጆቻችን ይህን አያውቁም ማለቴ አይደለም። በጎንደር ዋልካ መሬት ላይ ያረሰ ሰው፣ ውኃ የሚተኛበት ማሳ እህል እንደማይሰጥ ከእኔ አይማርም። ፈሰስ የሚያወጣው ለዚሁ ነው። ችግሩ የአበባ ማሰሮ ፈሰስ የሌለው ማሳ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ወቅቱ ተገልብጧል። አገር ቤት ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ጥር ደረቅ ስለሆነ እጅ በጥር ማጠጣት ለምዷል። እዚህ ደግሞ አየሩ የሚረጥበውና ፀሐይ የምትደክመው በታኅሣሥና በጥር ነው። በሐምሌ በሁለት ቀን የሚደርቅ ማሰሮ በጥር ሳምንት አልፎትም እርጥብ ነው፤ ተክሉ በብርድና በጥቂት ብርሃን ውኃውን አይጠጣውም፣ እርጥብ አየርም አይቀበለውም።

ከመሽተላ በከረጢት የምንገዛው ጥቁር አፈር አብዛኛው "ካቡል" የሚሉት የረግረግ ብስባሽ ነው። ቀላል ነው፣ ያምራል፣ ውኃም እንደ ስፖንጅ ይይዛል። ስፖንጅ ካልኩ አይቀር፣ አንዱን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አግድም ያዙትና ጠብታው እስኪያቆም ጠብቁ። ከዚያ በቁመቱ አቁሙት። እንደገና ይንጠባጠባል! ውኃው ሁልጊዜ ከታችኛው ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይቀራል፤ ከፍታው ሲጨምር ብቻ ነው የተወሰነው የሚለቀው። ማሰሮም እንዲሁ ናት። ከታች በኩል ሁልጊዜ የሚረጥብ ንብርብር አለ፤ አፈሩ ሲደቅ ንብርብሩ ይወፍራል፣ ማሰሮው አጭር ሲሆን ደግሞ ከሥሩ ቦታ አብዛኛውን ይወስዳል። ስለዚህ ያ ሁላችንም የምናውቀው ዘዴ፣ ከታች ጠጠር መደርደር፣ አይጠቅምም። ውኃው ከደቃቁ አፈር ወደ ጠጠሩ ቶሎ አይወርድም፤ እርጥቡ ንብርብር ጠጠሩ ላይ ይቀመጥና ወደ ሥሩ ይቀርባል። ጠጠሩ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል እንጂ ከሥሩ አይነጠፍ።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ለጤና አዳም ግማሽ የከረጢት አፈር፣ ግማሽ ቱፍ። ቱፍ በየመሽተላው የሚሸጠው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በየቀዳዳው አየር ይይዛል። ዱቄቱን በወንፊት አስወግዱት፤ ዱቄቱ ከቀረ ክፍተቱን መልሶ ይደፍነዋል። ቱፍ ከከበዳችሁ ፐርላይትም ይሆናል። ጌሾ የደጋ ዛፍ ስለሆነች እርጥበት ትወዳለች፤ ለእሷ ሲሶ ቱፍ ይበቃታል። ትንሽ ችግኝ በትልቅ ማሰሮ አትትከሉ፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ከሥር ያለውን ሳህን ካጠጣችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድፉት። ለማጠጣትም ቀን አትቁጠሩ። ያቭኔ ባሕሩ ቅርብ ነው፣ ልብስ እንኳን ሳይደርቅ ያድራል፤ ቂርያት ማላኺ ሻራብ የመጣ ቀን ደግሞ ማሰሮው በአንድ ቀን ይነዳል። "በሳምንት ሁለት ጊዜ" የሚል ምክር ለሁለቱም ሊሠራ አይችልም። ማሰሮዋን አንሱና ክብደቷን ልመዱት። የእንስራ ውኃ የተሸከመች እናት ክብደት መለየት አያቅታትም!

ከአፈሩ የሚነሱት ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦችም የዚሁ ምልክት ናቸው። እንቁላላቸውን የሚጥሉት እርጥብ አፈር ላይ ነው። ላይኛውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አድርቁት፣ መርጨት ሳያስፈልግ ይቀንሳሉ።

አሁን ወደ ቀዳዳው። በሽሚታ ዓመት፣ ለምሳሌ በ2021 መስከረም በገባው፣ ቤት ውስጥ ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ የመረጡ ብዙ ናቸው፤ ደንቡ ለእሱ ይቀላልና። የተበሳና ያልተበሳ ማሰሮ ልዩነት ከሚሽና ጀምሮ ያለ ነው። የቀዳዳው መለኪያም ትንሽ ሥር የሚወጣበት ያህል መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ያኔም ሥሩን አስበውታል ማለት ነው። ደንቡን ራቢያችሁን ወይም ቄሳችሁን ጠይቁ፤ የሚቀጥለው ሽሚታ በ2028 መስከረም ይገባል። እኔ የምለው፣ ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ የመረጠ ሰው ቱፉን ያብዛ፣ ውኃውንም ከግማሽ በታች ያድርግ። መውጫ የሌለው ውኃ መጠበቂያው የእጅ ቁጠባ ብቻ ነው።

ለልጆቹም አንድ ቃል አለኝ። ግድግዳው የሻገተው በእናታችሁ ሦስት ማሰሮ አይደለም። የቆየ ሕንጻ ግድግዳ ሙቀት አይይዝም፤ ቤት ውስጥ የሚሰቀለው ልብስ፣ የሚፈላው ድስትና ሻወሩ ያወጡት እንፋሎት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውኃ ይሆናል። እርጥብ አፈርም የራሱን ይጨምራል፣ አልክድም፤ ግን ተከሳሹ እሱ ብቻ አይደለም። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግዙላት፤ ከ60 በመቶ በላይ ከሰነበተ በቀን ሁለት ጊዜ መስኮት በደንብ ይከፈት። ማሰሮዎቹን ከግድግዳው አራቁ። አየር በማይዘዋወርበት ማማድ ውስጥ አትዝጉባቸው። "ጣይው" ከማለት በፊት ይሄ ሁሉ አለ።

በሱዳን በኩል በ1984 የመጣች፣ ወይም በ1991 በሰለሞን ዘመቻ አንድ ነጠላ ይዛ የወረደች ሴት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቀራት ማሳ ያ ማሰሮ ነው። ገደራ በሻፒራ ሰፈር ወጣቶቻችን ለሽማግሌዎች የጋራ አትክልት ቦታ ማሰናዳታቸው ደስ ይለኛል። ደረጃ መውረድ ያቃታት ግን ያላት መስኮቱ ነው፤ ለቡናዋ የምትቆርጠው ቅጠልም ከዚያው ነው።

የእናታችሁ ጤና አዳም አሁን ጠውልጎ ከሆነ ማሰሮውን አንሱ። ከከበደ ውኃ አትጨምሩ። ከላይ ካለው ጤነኛ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ቁረጡ፣ የታች ቅጠሉን አራግፉ፣ ቱፍ በበዛበት አፈር በትንሽ ማሰሮ ትከሉትና ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጡት። በጥቂት ሳምንታት ሥር ይይዛል። የድሮው አፈር ከሸተተ ጣሉት፣ ማሰሮውን በፈላ ውኃ እጠቡት። እማማ ራሷ ትትከለው፤ እናንተ ቱፉን ተሸከሙላት።